የሃያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ

ነገሌ ቦረና ካምፑ አጠገብ ያደግን ልጆች አያት የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። አባቶቻችን ወታደሮች ነበሩ፤ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከወሎ ተመድቦ ነው እዚያ ቆላ የመጣው። አጎቱም፣ አያቱም፣ የሥጋ ዘመዱም ሁሉ ርቆ ቀርቷል። ስለዚህ ሰው ሲጣላም ሆነ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ የሚመረጠው በፀጉሩ ነው። ሽበት ያለው ሰው ከተገኘ ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። የእኔ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያዋን ነጭ ፀጉር እናቴ ያገኘችው በሰማንያ ሦስት፣ ጦሩ በተበተነ ሰሞን ነው። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከተበተነው ሠራዊት ጋር ወደ ሞያሌ በእግሩ ሄዶ አልተመለሰም። እናቴ ፀጉሬን ስትቆርጠኝ መቀሷን አቁማ "ወይኔ ልጄን፣ ሐዘኑ ራሱ ላይ ወጣበት" አለች። እኔ ግን አላዘንኩም። እውነቱን ልናገርና ምንም አልተሰማኝም። ዛሬ አለቅሳለሁ፣ ነገ አለቅሳለሁ እያልኩ ራሴን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ነኝ። ነገር ሲመጣብኝ ቆሜ አየዋለሁ።

ኮሌጅ ጨርሼ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ ስመለስ፣ ራሴ ላይ ጥቁር ፀጉር ለማግኘት መፈለግ ያስፈልግ ነበር። ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉት ባለሱቅ ጎረቤታችን ባዩኝ ቁጥር "አካም፣ ጃርሳ!" ይሉኛል፤ አንተ ሽማግሌ ማለታቸው ነው። "ና ሂና ልስጥህ፣ ካረጀህ አይቀር እንደ እኔ አምረህ አርጅ!" ተማሪዎቼም ስለ ዘር ውርስ ሳስተምር ሰሌዳውን ትተው የሚያዩት ራሴን ነው። ይዩት፣ ምን ቸገረኝ።

ተመርመር ብላ የነዘነዘችኝ እናቴ ናት። "ይሄ የጤና አይደለም" አለች። የጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራው ልጅ የሠፈራችን የሃምሳ አለቃ ልጅ ነበረች፤ ከአንድ ቧንቧ ውኃ እየቀዳን ነው ያደግነው። ደሜን ወስዳ ደም ማነስ እንደሌለብኝ ነገረችኝ። እንቅርት እንዳለብኝ ለማየት ብላ አንገቴን በጣቶቿ ዳሰሰች። ይሄ የላቦራቶሪ ሥራ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ከዚያ ሳታስፈቅደኝ ከእኔ ራስ አንድ ነጭ፣ ከራሷ አንድ ጥቁር ፀጉር ነቅላ ጎን ለጎን ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠቻቸው።

"እስቲ እይ።"

የእሷ ውስጡ ጥቅጥቅ ብሎ ጠቁሯል። የእኔ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ ያሳያል።

"ነጭ ቀለም አለው ብለህ ነበር አይደል? ምንም የለውም፣ ባዶ ነው" አለችኝ። "ከፀጉሩ ሥር ቀለም የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ፤ ፀጉሩ ሲያድግ እየቀቡ ነው የሚልኩት። እነሱ ሲደክሙ የሚተኳቸው ተጠባባቂዎችም አሉ። የአንዳንድ ሰው ተጠባባቂ ቶሎ ያልቃል፣ አለቀ። አብዛኛውን ጊዜ በዘር ነው የሚመጣው።"

ይሄን የማስተምረው እኔ ነኝ። ግን እንደ ተማሪ ሰማኋት።

"እናቴ በሐዘን ነው ትላለች" አልኳት።

"አንዴ የወጣ ፀጉር የሞተ ነገር ነው፣ ደንግጦ አይነጣም። ጭንቀት ከሥር ያሉት ቶሎ እንዲያልቁ ሊያደርግ ይችል ይሆናል። አንተ ደግሞ ምንም አልተሰማኝም ባይ ነህ!" ብላ ሳቀች። "አይዞህ፣ ፀጉሩ ያድጋል፣ ጤነኛ ነው። የጎደለው ቀለሙ ብቻ ነው።"

ወደድኳት። ይሄን ቃል የምጽፈው ዛሬ ነው፤ ያኔ ለራሴም አልነገርኩትም። ብቻ አንዴ ራሴን አመመኝ፣ አንዴ ሆዴን ቆረጠኝ እያልኩ ጤና ጣቢያ ማዘውተር አበዛሁ። እሷም ሰበቤን እያወቀች "ዛሬስ የትህን ነው?" ትለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ቤቴ መጣ። በዕድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፣ ፀጉሩ ግን ከሰል ነው። "እዚህ አገር አባት የለኝ፣ አጎት የለኝ" አለኝ። "ሁለት ሽማግሌ አግኝቻለሁ፣ ሦስተኛው አንተ ሁንልኝ። ይሄ ሽበትህ እንደሁ የሚያስከብር ነው።" እኔም ስቄ እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ ነው ማንን ሊያገባ እንደሆነ የነገረኝ። የላቦራቶሪዋን ልጅ ነው።

አይሆንም ማለት ይቻል ነበር። አፌን ማን ያዘው? ማንም። ቆሜ አየሁት።

እሑድ ጠዋት ሦስታችን ሄደን እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆምን። ሃምሳ አለቃው ተቀመጡ ሲሉን "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አልን። ታላቃችን ጉዳዩን ከተናገሩ በኋላ፣ ልጅ ሆኜ ፓፓያ ስሰርቅ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረው "አንቱስ ምን ይላሉ?" አሉኝ። አንድ ሰው ሽማግሌ ሆኖ ከገባ ሽማግሌ ነው፣ ጨዋታ የለም።

"ጥሩ ልጅ ነው" አልኩ።

ከተቀመጥን በኋላ ልጅቷ የእጅ ውኃ ይዛ ገባች። እጄ ላይ እያፈሰሰች፣ ቀና ሳትል "ይታጠቡ" አለችኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ብላኝ አታውቅም። ውኃው ቀዝቃዛ እንደነበር አስታውሳለሁ። ሌላ ምንም።

አባቷ የአሥራ አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጡን። በመሀሉ ውጤትህን ውሰድ የሚል መልእክት ላከችብኝ። ያልወሰድኩት ምንም ውጤት አልነበረም፤ ቢሆንም ሄድኩ።

"በበራችን ስትገባ ሳይህ፣ ለራስህ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ" አለችኝ። "ለራሱ የፈለገ ሰው ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይመጣም። አባቴ ሐሳቤን ጠይቆኛል፣ አልመለስኩለትም። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበለው?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማይክሮስኮፕ አየሁ።

"ጥሩ ልጅ ነው" አልኳት።

ሌላ ነገር እንደምጨምር ጠበቀችኝ። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሠርጉ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ከፊት ወንበር ተቀምጬ በላሁ፣ አጨበጨብኩም።

እኔ አላገባሁም። አብረውኝ ካጋቧቸው ሽማግሌዎች አንዱ ሞቱ፣ አንዱ ልጃቸው ዘንድ ያቤሎ ገቡ። በእኛ ልማድ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት ያጋቧቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ባለፈው ዓመት የቀረሁት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ተጠራሁ። ባል ተዛውሮ አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል፣ እሷ ነገሌን አልለቅም ብላለች። አሁን ዕድሜዬ የደረሰበትን ሽበት ይዤ መሀላቸው ተቀመጥኩ። የእሷም ፀጉር ከግንባሯ በላይ መንጣት ጀምሯል፣ ቀለም አልተቀባችም።

ባል ተናግሮ ጨረሰ። ወደ እሷ ዞሬ "አንቺስ፣ ቅሬታሽ ምንድን ነው?" አልኳት።

መጀመሪያ ያየችው ፀጉሬን ነው። ከዚያ ዓይኔን።

"እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ አንቱ እንዳሉት ጥሩ ልጅ ነው" አለች። "ቅሬታዬ በሽማግሌው ላይ ነው።"

ባሏ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እኔን ደረቴ ውስጥ አመመኝ፤ አባቴ ሲሄድ ያላመመኝ፣ እሷ ስትዳር ያላመመኝ ሁሉ ያን ቀን አንድ ላይ አመመኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ሥራ ሠራሁ፤ አስታረቅኳቸው።