አባቴን ያስጎነበሰ ምርኩዝ

ይህ ከደረሰብን ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እስከ ዛሬ ግን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ድንገት ፍጥነት ሲቀንስ ልቤ ድው ይላል። ስላልወጣልኝ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

አባቴ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ወዲህ ውጫሌ አጠገብ እርሻውን እያረሰ ይኖራል። እኔ ደግሞ እዚያው ውጫሌ ገበያ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። አባቴ ሐይቅ ከተማ ለወታደሮች፣ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የቁጠባና ብድር ማኅበር መከፈቱን ሰምቶ መጣ። በእሱ በኩል እኔም አባል ሆኜ ለሁለተኛ የስፌት መኪና መበደር እንደምችል ሲነግረኝ ፊቱ በርቶ ነበር። እኔ ግን በገንዘብ ጉዳይ ሰው ቶሎ አላምንም። መጀመሪያ አይቼ፣ ጠይቄ ነው የምገባው አልኩትና አብረን ሄድን።

እዚያ ያገኘናትን ሠራተኛ በጥያቄ አደረቅኳት። የቁጠባ ወለዱ ከባንክ ይሻላል ወይ፣ ብድሩስ ስንት ያስከፍላል፣ አባቴ አንድ ነገር ቢሆን የእኔ አባልነት ምን ይሆናል፣ ልውጣ ብልስ የከፈልኩትን ትመልሳላችሁ ወይ እያልኩ። አባቴ በሀፍረት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ሴትየዋ ግን ሳትሰለች መለሰችልኝ። ወለዱ ከባንክ ትንሽ ይሻላል፣ ብድሩም ይረክሳል፤ ለጥቂት ወራት ሳይቆጥቡ መበደር ግን የለም። ልቤ ተቀበለው። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴን የሚያውቅ ነባር አባል መጥቶ የእኛ ሰው ነው ብሎ መመስከር አለበት። አባቴ ያገለገለው ሩቅ አገር ስለሆነ ሐይቅ ውስጥ የሚያውቀው ወታደር የለም። ፈልገን እንመለሳለን ብለን ወጣን።

ያን ሰሞን ስለ መንገዱ ደግ አይወራም ነበር፤ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ወታደር ይፈልጋሉ ይባላል። ወደ ውጫሌ ልንመለስ ስንሳፈር የአባቴን የወታደር ጡረታ መታወቂያ ተቀብዬ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ኪሱ ውስጥ የቀረው ሥራው ገበሬ የሚለው የቀበሌ መታወቂያ ነው።

ከሐይቅ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ አገኘነው። የታጠቁ ሰዎች ከቁጥቋጦው ወጡ። እነማን እንደሆኑ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። ሴቶች ባሉበት እንዲቀመጡ፣ ወንዶች ወርደው እንዲሰለፉ አዘዙ። አንደኛው፣ መኪናው ውስጥ ወታደር እንዳለ ሰምተናል አለ። ደረቴ ውስጥ ያለው መታወቂያ እንደ ፍም አቃጠለኝ።

በመስኮት አየሁ። ሌሎቹ እየተጋፉ እንደነገሩ ቆሙ። አባቴ ግን ተረከዙን ገጥሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እጆቹን ከሱሪው ስፌት ጋር አጣብቆ ቆመ። አስቦበት አይደለም፤ ተሰለፉ ሲባል ሰውነቱ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲያ ሲቆም እስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን በሆዴ፣ አባየ ጎንበስ በል፣ እባክህ ጎንበስ በል እያልኩ ለመንኩት። ለግሸን ማርያም ተሳልኩ። ታጣቂው ከሰልፉ ጫፍ ጀምሮ መታወቂያ እያየ ይመጣል።

ከአባቴ ቀጥሎ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሙስሊም አዛውንት ቆመው ነበር። በመንገድ ቃል እንኳ አልተለዋወጥንም። ታጣቂው ሊደርስ ሲል ድንገት አቃስተው አባቴ ላይ ወደቁ። አባቴ ደግፎ ሊይዛቸው ጎበጠ። እሳቸውም ምርኩዙን በእጁ አስያዙትና ክንዳቸውን አንገቱ ላይ ጠመጠሙ።

“ምንህ ነው?” አለ ታጣቂው።

“ወንድሜ ነው፤ ከሐኪም ቤት እየመለሰኝ ነው” አሉ።

ታጣቂው የአባቴን መታወቂያ ተቀብሎ አየ። ስሙ የክርስቲያን ነው። ቀና ብሎ ነጩን ኮፍያ ተመለከተ።

“የእናቴ ልጅ ነው” አሉ አዛውንቱ፤ “አንተስ የወሎ ልጅ አይደለህም እንዴ?”

ታጣቂው መታወቂያውን ለአባቴ መለሰለት።

ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ አባቴ በተቆራረጠ ድምፅ፣ እንዴት አወቅህ ሲል ጠየቃቸው።

“እኔም እንዲያ ነበር የምቆመው፣ ወንድምዓለም” አሉ ቀስ ብለው። “መጉበጡን እስክለምድ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።”

ከውጫሌ በፊት ወረዱ። ምርኩዛቸውን ግን አባቴ ጉልበት ላይ ተዉት። “አብሽር፣ ከእኔ ይልቅ ላንተ ያስፈልግሃል” አሉት። ያለ ምንም ድጋፍ አቀበቱን በፍጥነት ሲወጡ አየኋቸው። ወገባቸው ግን እንደጎበጠ ነበር።

ስማቸውን አልጠየቅንም። እዚያ ማኅበር አባል ሳንሆን ቀረን፤ አባቴ ሐይቅ የሚባል ነገር እንዲነሳበት አይፈልግም። የእኛ ሰው ነው ብሎ የሚመሰክርለት አጥተን ነበር የተመለስነው። እኒያ ሰው ግን ማን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ ነፍሳቸውን አስይዘው መሰከሩለት። ባሰብኩት ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

አባቴ ጤነኛ ነው፣ ምርኩዝ አያስፈልገውም። ነገር ግን ያለ እሱ ከቤት አይወጣም። ሲረሳው ሮጬ የማቀብለው እኔ ነኝ። ከዚያ በር ላይ ቆሜ ሲሄድ አየዋለሁ። ቀና ብሎ ከሄደ እፈራለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ከሄደ ግን እንባዬ ይመጣል።