የአደራ ዲስክ

ፎቶ የምናስቀምጥበት ሰርቨራችን የሞላ ዕለት ትልቋ የተናገረችው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። «የሄዱትን ሰርዣቸዋ» ነበር ያለችው። ሰሃን እያጠበች ስለነበር ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።

ሪያድ፣ መንሱራ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤት የምንኖር ሴቶች ነበርን። ትልቋ የምንላት በዕድሜም በሪያድ ቆይታም ስለምትበልጠን ነው፤ የቤት ኪራዩንም መዋጮውንም የምትሰበስበው እሷ ናት። እኔ ዐዚዚያ ሰፈር ባለ የሴቶች ውበት ሳሎን ፀጉር አጥባለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ። አገር ቤት ሳለሁ በቴክኒክ ኮሌጅ ኮምፒውተር ተምሬ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ «ፀጉር ለመጥረግ ነው የተማርሽው?» ብሎ ያሾፍብኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ቶሎ ለመድኩ።

ሰርቨሩን የተከራየሁት በተርሂል፣ ሰውን ይዞ ወደ አገሩ በመመለሱ ምክንያት ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ሴት ተይዛ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ በግርግሩ መሀል ስልኳ የሆነ ቦታ ይቀራል። ከስልኩ ጋር ፎቶዋም፣ የእናቷ ድምፅም፣ እዚህ የኖረችው ዘመንም አብሮ ይቀራል። ክላውድ ሲሉት ሰማይ ላይ ያለ ያስመስሉታል እንጂ ነገሩ የትም አገር፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚከራይ ኮምፒውተር ነው። ትንሹን ተከራየሁና ፎቶና ቪዲዮ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጫንኩበት። የቤቱ ሴቶች ሁሉ ከስልካቸው ወደዚያ መላክ ጀመሩ። ከትልቋ በቀር። እሷ የዚህ አገር ማስታወሻ ምን ያደርግልኛል ባይ ናት።

ከሁሉም አብልጣ የላከችው አጠገቤ ትተኛ የነበረችው የከሚሴዋ ጓደኛዬ ነች። ልጇን የወለደችው እዚሁ ነው። የመጀመሪያዋ ጥርስ፣ የፍራሹን ጫፍ ይዛ የቆመችበት ቀን፣ አፏን የፈታችበት ቀን፣ ሁሉም ተቀርጿል። ሕፃኗ አፏን የፈታችው «ያላ»፣ በሉ እንሂድ ብላ ነው፤ በቤታችን ከማንኛውም ቃል በላይ የሚባለው እሱ ነበርና። ጓደኛዬ ቪዲዮውን በላከች ቁጥር «አደራሽን፣ እኔ እንኳ ብያዝ የልጄ ነገር አንቺ ጋ ይቀመጥ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ልጇን አዝላ ከክሊኒክ ስትመለስ ተያዘች። ወደ አገር መግባቷን ከሰው ሰማን፤ ስልኳ ግን አብሯት ስላልወጣ የምንገናኝበት ቁጥር አልነበረንም።

እንግዲህ ቦታው ሲሞላና አዲስ ፎቶ አልቀበል ሲል፣ ትልቋ ይሰረዝ ያለችው ይህን ነው። የሄዱት ለሰርቨሩ ኪራይ አያዋጡም፣ የከሚሴዋም ከሄደች ድምጿ ጠፍቷል፣ የሚጠይቅ የሌለውን ነገር ለምን እንሸከማለን፣ ነበር ክርክሯ። «የሄደ ሄዷል፣ እህቴ። ኸላስ፣ አለቀ» አለች። ሌሎቹም እሷን ፈርተው ይሁን አምነውባት እንጃ፣ ከእሷ ጋር ቆሙ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ እየተባለ ነው ያደግሁት። ሌባ ቢሉኝ ይሻለኛል፣ አደራ በላ ከሚሉኝ።

«እትዬ፣ እኔ አንዲት ነገር አልሰርዝም» አልኳት። «ቦታ ከጠበበ ቦታ እጨምራለሁ። የጭማሪውን ሂሳብም እኔው እችለዋለሁ።»

«አታውቂበትም፤ ያለውንም ታጠፊዋለሽ» ብላ ወደ ሰሃኗ ተመለሰች።

ይህች ንግግሯ እልህ አስያዘችኝ። እውነት ነው፣ በኮሌጅ ተጨማሪ ዲስክ ስለመግጠም አስተማሪው ሰሌዳ ላይ ጻፈልን እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ሳሎኑ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት አሮጌ ላፕቶፔን ይዤ ፍራሼ ላይ ተቀመጥኩ። ከአከራዩ ድርጅት ገጽ ላይ ሁለተኛ ዲስክ ገዛሁና ከሰርቨሩ ጋር አያያዝኩት። ቁም ሳጥን ላይ መሳቢያ እንደመጨመር ቀላል መስሎኝ ነበር። አዲስ ዲስክ ግን እንዲሁ አይጻፍበትም፤ መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት። ፎርማት ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ የሚያጠፋ ነገር ነው። የድሮውና የአዲሱ ስም የሚለያዩት በመጨረሻዋ አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ተሳስቼ የድሮውን ብመርጥ የልጅቷ ጥርስም፣ ያላዋም አይኖርም። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ደጋግሜ አነበብኩ። በመጠን ለየሁት፤ ትልቁና ባዶው አዲሱ ነው። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩ።

ከዚያ አዲሱን ዲስክ ከአንድ ፎልደር ጋር አሰርኩት፣ የሁሉንም ነገር ገለበጥኩበት፣ እየከፈትኩ አየሁ፣ ደህና ነው። የድሮው ዲስክ ላይ ያለውን ቅጂ አጥፍቼ ቦታ አስለቀቅሁ። ትልቋ በበሩ ስታልፍ አየት ታደርገኛለች። እኔም ሆን ብዬ ደረቴን ነፋሁ፤ ጉራ አልነበረም አልልም። በመጨረሻ ሁሉም እንዲጸና ብዬ ሰርቨሩን ሪስታርት አደረግሁት።

ተመልሶ ሲነሳ ፎልደሩ ባዶ ነው። ምንም የለም።

ትልቋ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። «ጠፋ አይደል?» አለችኝ፣ በድል አድራጊነት ሳይሆን ዝግ ብላ፣ ያዘነች በሚመስል ድምፅ። ቁጣዋን እችለው ነበር፤ ሐዘኗ ግን አናደደኝ። የጓደኛዬን አደራ እኔው በገዛ እጄ በልቼው ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ግን እሷ ፊት አላለቅስም አልኩ። ዲስኮቹን ዘርዝር የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። አዲሱ ዲስክ አለ። ያለው በቦታው ነው፣ ባዶም አይደለም። ከፎልደሩ ጋር ግን አልታሰረም። ሰርቨር እንደ ሰነፍ ዘበኛ ነው፤ ማን ይግባ ማን ይቅር ብለህ ካልነገርከው፣ ባደረ ቁጥር ትናንት ያስገባውን ሰው አያውቅም። እኔ ነበርኩ ያልነገርኩት።

መልሼ አሰርኩት። ፎቶዎቹ ግልብጥ ብለው መጡ። ሲነሳ የሚያነበው ፋይል ውስጥ ገብቼ፣ ይህ ዲስክ ሁልጊዜ እዚህ ይታሰር የሚል መስመር ጻፍኩና እንደገና ሪስታርት አደረግሁት። ትልቋ አልሄደችም። ሲነሳ ሁሉም በቦታው ነበር። ያኔ ዞሬ አየኋት።

ረመዳን አልፎ ከሰነበተ በኋላ ከማላውቀው የኢትዮጵያ ቁጥር የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። ቤት ውስጥ ከትልቋ ጋር ሽንኩርት እየላጥን ስለነበር ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። የከሚሴዋ ነች። ቁጥሬን ስንት ሰው ለምና እንዳገኘችው ነገረችኝ፤ ከዚያም «የልጄ ነገር ጠፍቶ ከሆነ አልፈርድብሽም» አለች። «አንዲት እንኳ ካለች ላኪልኝ፣ እህቴ። እዚህ ሰዉ ሁሉ ባዶ እጇን ተመለሰች ይለኛል።»

መጀመሪያ ያላዋን ላክሁላት። ቀጥሎ ጥርሷን፣ ቆማ የወደቀችበትን፣ ሁሉንም። ትንሽ ቆይታ በድምፅ መለሰችልኝ፤ ልጅቷ ስልኩን ቀምታ ይቺ ሕፃን ማናት እያለች ትጠይቃታለች። እናቲቱ እያለቀሰች ትስቃለች። እኔም እንባዬ መጣ፤ ሽንኩርቱ ነው ብዬ አልዋሽም።

ትልቋ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተነሳች። ከመኝታ ክፍሏ ስልኳን አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ማያው ከተሰነጠቀ የቆየ፣ በፎቶ የተጨናነቀ ስልክ ነው።

«የኔንም አስገቢልኝ» አለች። «ብዙ ነው። ቦታው ይጠብብሽ ይሆን?»

«ይጥበብ፣ እትዬ» አልኳት። «ዲስክ እጨምራለሁ እንጂ ሰው አልቀንስም።»