የፍሬጄኔው ኮረኮንች

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሊዲያ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና «ዚያ፣ ይህን እዪልኝ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ካርታ ነው። ካርታው ላይ አንድ ቀይ መስመር ባሕሩን ተከትሎ ይጓዛል። እሑድ ከጓደኞቿ ጋር በብስክሌት የምትሄድበት መንገድ መሆኑን፣ አስፋልት እንዳልሆነ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌት እንደገዛች፣ ነገሩም «ግራቬል» እንደሚባል አስረዳችኝ። እኔ ደግሞ በእኛ ቋንቋ ኮረኮንች እንደሚባል፣ ጉለሌ ስናድግ ከእሱ የሚሸሽ እንጂ እሱን ፍለጋ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው እንዳላየሁ ነገርኳት። ሳቀችብኝ። ቀዩን መስመር በጣቴ ስከተል ግን የጥድ ጫካው ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ፍሬጄኔ ነው፤ ከሮም ወጣ ብሎ ያለው የባሕር ዳር መንደር። ያንን መንገድ እኔ በእግሬ አውቀዋለሁ፤ በብስክሌት የምታውቀው እናቷ ናት።

«ማማ እኮ ብስክሌት አትወድም» አለች ሊዲያ፣ ስልኳን እየመለሰች።

ብስክሌት የማትወድ ሆና እንዳልሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሮም ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ፊሳ ነበርኩ፤ ማለትም የምሠራበት ቤት ውስጥ ነው የማድረው፣ ከሐሙስ ከሰዓትና ከእሑድ በቀር የራሴ አይደለሁም። የአሠሪዬን የሲኞራ ፓኦላን ልጅ ኪያራን ከአራስ ቤት ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲይዛት የምትጠራው እኔን፣ ጥርሷ ሲወልቅ ሮጣ የምታሳየው ለእኔ ነበር። ፀጉሯን ሹሩባ ስሠራት የትምህርት ቤት እናቶች እየመጡ ይዳስሱት ነበር። «ልጄ» ብዬ በአፌ ጠርቻት አላውቅም፣ አያስደፍርም። በልቤ ግን ስንቴ ብያታለሁ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ታናሽ እህቴ ፀሐይ መጣች። ያስመጣኋት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለሰማ ላልሰማ አውርቻለሁ። በስምንት ዓመት እበልጣታለሁ፣ «እትዬ» ነው የምትለኝ። ሲኞራ አይታ ወደደቻትና «በጋውን ከእኛ ጋር ባሕር ትውረድ፤ ጎበዝ ከሆነች በመስከረም እናቴ ቤት በኮንትራቶ አስገባታለሁ» አለች። የሥራ ውሉ፣ ኮንትራቶው፣ ካለ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ፔርሜሶው፣ አለ፤ ፔርሜሶ ካለ ደግሞ ፖሊስ ባዩ ቁጥር መንገድ መቀየር ይቀራል። ፀሐይ ያንን በጋ እንደ ፈተና ነበር የያዘችው።

ሲኞራ ፍሬጄኔ ጥዶቹ መሐል ቤት ነበራት። ከቤቱ ጀርባ ጫካው ሲያልቅ የጠጠር መንገድ ይጀምራል፤ ባሕሩን በግራ፣ የሐብሐብ እርሻውን በቀኝ እያደረገ፣ አንድ አሮጌ የጥበቃ ግንብ አልፎ እስከ ቦዩ ድልድይ ይሄዳል። ጠዋት የጥድ ሙጫ ይሸታል፣ ቀትር ላይ ጨውና የተጠበሰ ዓሣ። እኔ ለስድስት በጋ ያየሁት አብዛኛውን ጊዜ ከወጥ ቤቱ መስኮት ነው።

ፀሐይ በገባች በሦስተኛው ቀን የሲኞራን አሮጌ ብስክሌት ከዕቃ ቤት አወጣች፣ ጎማውን ነፋች፣ ሰንሰለቱን በወጥ ቤት ዘይት ቀባችና ወጣችበት። አፌን ከፍቼ አየኋት።

«መቼ ነው የተማርሽው?»

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ። ከሰፈር ልጆች ጋር በሰዓት እየተከራየን።»

«አባዬስ?»

«አባዬማ በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር።»

እኔን አባዬ የጎረቤት ብስክሌት ላይ ወጣሽ ብሎ በቀበቶ ገርፎኛል። ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ ምን ሆና ነው ብሎ። ለእሷ ጊዜ ሲደርስ አርጅቶ ሳቀ። ቅናቴ ከዚያ ነው የጀመረው ብል አልዋሽም።

በሳምንቱ ኪያራም በራሷ ትንሽ ብስክሌት መንዳት ቻለች። ፀሐይ ጣልያንኛዋ አሥር ቃል አይሞላም፤ በእጇ እያሳየች «ፒያኖ፣ ፒያኖ»፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እያለች ነው ያስተማረቻት። ጠጠር ላይ ፍሬን በድንገት እንዳትይዝ፣ እጀታውን እንዳታንቀው፣ ጎማው ትንሽ ሲዋልል እንዳትደነግጥ። ሁለቱም ከጉልበታቸው በታች በአቧራ ነጥተው ይመለሳሉ። ገና ጫካው ውስጥ ሳሉ ሳቃቸው ይሰማኛል። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንድ ጠዋት ማበጠሪያዬን ይዤ ስጠራት ኪያራ «ዛሬ ፀሐይ ትሥራኝ» አለች። ማበጠሪያውን ሰጠኋትና ወደ ዕቃ አጠባዬ ሄድኩ። በዚያ ቀን ሁለት ሳህን ሰበርኩ።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰይጣን ይሁን ሌላ፣ ተነሺና ተከተያቸው አለኝ። በነጠላ ጫማ ያንን ጠጠር እየረገጥኩ እስከ ግንቡ ሄድኩ። ጥላው ሥር ተቀምጠው ዳቦ በቲማቲም ይበላሉ። ፀሐይ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ልጅቷም በትንንሽ ጣቶቿ ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ እጇን ከታች ደግፋ ፀሐይን አጎረሰቻት። እኔን በስድስት ዓመት አንድ ቀን አጉርሳኝ አታውቅም። እኔም አጉርሻት አላውቅም፤ ሲኞራ በእጅ መብላት አትወድም ብዬ። ማንም ግን አትችይም ብሎኝ አያውቅም። ሳያዩኝ ተመለስኩ።

ማታ ፀሐይን ለብቻዋ ጠራኋት።

«ፍልሰታ ከነገ ወዲያ ይገባል» አልኳት። «በጾሙ ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ አትወጣም። እዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ናቸው ያሉት፤ ነውር ነው፣ ጾሙንም ያፈርሳል ብለዋል።»

ቄሱ እንዲህ ያለ ነገር አስበውም አያውቁ። ፀሐይ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «እሺ እትዬ» አለች። በማግስቱ ብስክሌቱን ዕቃ ቤት መለሰችው።

ጾሙን ያዝን። ምስርና ቲማቲም፣ አይብ የሌለው ፓስታ፤ ሲኞራ እያዘነችልን ሐብሐብ ትቆርጥልናለች። ኪያራ አኮረፈች። እንግዲያ አብረሽኝ ተጫወቺ ስላት ቆማ ታየኝና ትሄዳለች። እኔ ደግሞ ያልፍላታል፣ የእኔ ናት፣ ትመለሳለች እያልኩ ራሴን አባብል ነበር።

በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲተኛ፣ ዕቃ አጥቤ ስወጣ ትንሿ ብስክሌት ቦታዋ የለችም። ልጅቷም የለችም። ስሟን እየጠራሁ ወደ ጠጠሩ መንገድ ሮጥኩ። ጾመኛ ነኝ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ጫማዬ ተበጥሶ በባዶ እግሬ ነው የምሮጠው። የማስበው ስለ ቦዩ ነው፤ ውሃው ጥልቅ ነው፣ ዳሩ ያንሸራትታል። እህቴ በብስክሌት አልፋኝ ሄደች። ስለ ፍልሰታ አልጠየቀችም።

ግንቡን እንዳለፍኩ ሲመለሱ አገኘኋቸው። ኪያራ ከድልድዩ ወዲያ ሰንሰለቱ ወልቆባት፣ ወድቃ፣ ጉልበቷ ተልጦ ብቻዋን ስታለቅስ ነው ፀሐይ ያገኘቻት። አሁን ልጅቷ በግሪስ የተለቀለቁ እጆቿን ፀሐይ አንገት ላይ ጠምጥማለች። እጄን ዘረጋሁላት፤ ፊቷን እዚያው አንገት ውስጥ ቀበረች። እግዜር ይይልኝ፣ በሕይወት በመገኘቷ ከተደሰትኩት ይልቅ እኔ ያገኘኋት ባለመሆኔ ተቃጠልኩ።

ሲኞራ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ልጇን ተቀብላ እየሳመች ወደ እኛ ዞረች። ልጅቷ ለምን ብቻዋን ወጣች? በየቀኑ የሚወስዳት ሰው ለምን ተወ? ፀሐይ ቀደመችኝ።

«ዮ ስታንካ» አለች። እኔ ደክሞኝ ነው ማለቷ ነው።

ሲኞራ ከላይ እስከ ታች አየቻት። በመስከረም ስለ ኮንትራቶው ስትጠየቅ «ቬዲያሞ» አለች፣ እናያለን። አላየችም። የደከማት ልጅ አሮጊት እናቷን እንዴት ትጠብቅላታለች? ፀሐይ ወደ ደቡብ፣ ባሪ አካባቢ፣ አንድ ሽማግሌ ልታስታምም ሄደች። ፔርሜሶዋን እስክታገኝ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ መንደር ንቅንቅ አላለችም። ብስክሌት ላይ ወጥታም ዳግመኛ አላየኋትም። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ስሸኛት ልንገራት ብዬ ነበር፤ ባቡሩ መጣ። ጾሙ ሲፈታ ለሲኞራ እናገራለሁ ብዬም ነበር። ጾሙ ስንቴ ገባ፣ ስንቴ ተፈታ።

ኪያራስ? ትንሽ ጊዜ ተመለሰችልኝ፤ ከዚያ አደገች። የሰው ልጅ የሰው ነው። አሁን ለገና ለሁለታችንም መልካም ምኞት ትልካለች፤ ለፀሐይ በድምፅ፣ ለእኔ በጽሑፍ። ይህንንም ልብ ብዬ ቆጥሬዋለሁ።

ሊዲያ ከሄደች በኋላ ስልኩን አነሳሁና ፀሐይ ጋ ደወልኩ።

«ያኔ ፍሬጄኔ ስለ ፍልሰታ ያልኩሽ፣ ቄሱ አላሉም ነበር» አልኳት። ሰላም እንኳን ሳልላት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«እትዬ፣ እኔ ብስክሌት የተማርኩት በፍልሰታ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ አይደል? ዝናቡ ሲያባራ ከቅዳሴ መልስ እንከራይ ነበር። የሰፈራችን ቄስ በአጠገባችን ሲያልፉ ቀስ በሉ ልጆች ይሉን ነበር።»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?»

«አንቺ ከልጅቷ ሌላ ማን ነበረሽ?» አለች። ከዚያ ሊዲያ ራት በልታ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ ቆይቶ አልቅሻለሁ። ያን ሰዓት የመጣብኝ ግን ሌላ ነው። አባዬን ቀድማኛለች፣ ልጅቷን ቀድማኛለች፤ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የኔ ነው ብዬ የተሸከምኩትን ኃጢአት እንኳ ቀድማኝ ይቅር ብላው ተቀምጣለች። ይቅርታ ልጠይቅ የደወልኩ ሴትዮ ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁባት። መልሼ ደውዬ ይቅር በይኝ ያልኳት በሦስተኛው ቀን ነው።