በሁለት ብሎን ወደ ባኮ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ አዲስ አበባ

ገና ሳይነጋ ባለቤቴ ታደሰ ግቢ ውስጥ ተንበርክኮ የመኪናውን የኋላ መብራት በመሐረቡ ሲወለውል አገኘሁት። ሻንጣዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያነሣው አጥቷል። የኅዳር ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ግን ኮቱን እንኳ አልቆለፈም።

መኪናው ያረጀ ላንድክሩዘር ነው። ታደሰ ለመሥሪያ ቤት ሲነዳው ኖሮ ጡረታ ሲወጣ በጨረታ ገዛው። ከዚያ ወዲህ ሥራው እሱን ማስጌጥ ሆኗል። ባለፈው ወር ደኅናውን የኋላ መብራት ነቅሎ ከሶማሌ ተራ ክብ ክብ የኤልኢዲ መብራቶች ይዞ መጣ። መብራቶቹ በድሮው ቦታ አልገጥም አሉ። ስለዚህ ወፍራም የብረት ፓራውልት አሠርቶ፣ ጥቁር ቀለም ሦስት ጊዜ ደራርቦ ቀብቶ፣ እዚያ ላይ ተከላቸው። በዚህ መሐል ታርጋው ቤት አልባ ሆነ። ስኮርታ ጎማው እንዳይሸፍነው ብሎ ከግራው መብራት ሥር በላሜራ ቁራጭ አንጠለጠለው።

«በሁለት ብሎን?» አልኩት።

«ሁለት ይበቃዋል። አውሮፕላን መሰለሽ እንዴ?»

የጣቶቹን ጫፍ ነጭ ቀለም ነክቶታል። ፓራውልቱ ጥቁር ነው፤ ነጩ ከየት እንደመጣ ብጠይቀው «ለደኅንነት የሠራኋት ሥራ አለች» ብሎ ዘጋኝ።

የዛሬው ጉዞ ፈተና ነው። ልጃችን ሌንሴ ባኮ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት አባቷ ጌዶ አጠገብ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከከተተው በኋላ እንቅልፍ አጥታለች። «አባዬ አሁንም እንደ ወጣትነቱ ነው የሚነዳው፤ ይሸጥ» አለች። ስንት ስልክ ከተደዋወሉ በኋላ አባትና ልጅ ተስማሙ፦ ከመኪናው ላይ አንድም ነገር ሳይጎድል ባኮ ከደረስን መኪናው ይቀራል። አንድ ነገር ከወደቀ ግን የሌንሴ ጎረቤት ኦቦ ገመቹ፣ የበቆሎ ነጋዴው፣ ዛሬውኑ ይረከቡታል። ታደሰ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ማለላት። እኔ ምስክር ነኝ።

1፡20፣ ሆለታ

ከቡራዩ ጀምሮ አንድ አይሱዙ ከኋላችን ጥሩምባውን ይነፋል። ታደሰ በጠራራ ብርሃን መብራት አብርቶ ነው የሚነዳው፤ ካልበራ ማን ያየዋል? ሆለታ ፉል ልንበላ ስንቆም የአይሱዙው ሾፌር፣ ወፍራም አንገተ አጭር ሰው፣ ወርዶ ወደኛ መጣ።

«አባቴ፣ ፍሬን ሲይዙ የኋላ መብራትዎ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ልገባብዎ ነበር።»

«ይጠፋል? ፍሬን ሲያዝ እኮ ነው ይበልጥ የሚደምቀው!»

«ዓይኔ ነው እንግዲህ» ብሎ ሰውየው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ታደሰ ፉሉን በዳቦ እየጠረገ «ቀንቶ ነው» አለኝ። እኔም ረኀቤ በልጦብኝ ተውኩት። ፉሉ ትኩስ ነበር፤ ዳቦው ደግሞ ከምድጃ የወጣ፣ ጣት የሚያቃጥል።

2፡50፣ ከጊንጪ ወደ ደንዲ

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር የደንዲን ሐይቅ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስዬ ነው የኖርኩት። ዛሬ ካላየሁት መቼ ነው? ጊንጪ ላይ አስፋልቱን ትተን ወደ ደቡብ ታጠፍን።

መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ግራና ቀኙ የታጨደ ጤፍ፣ ክምር፣ አውድማ፣ የሚያበራዩ በሬዎች። የቅዳሜ ገበያ ነውና ጭነት የያዙ በቅሎዎችና አህዮች ወደ ጊንጪ ይወርዳሉ፤ ሰዎቹ «አካም ጅርቱ!» እያሉ እጃቸውን ያነሣሉ። ታደሰ ለእያንዳንዱ ሰላምታ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፤ በዚህ አገር በመስክ ሾፌርነት ሃያ ዓመት ተመላልሷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ሲነዳ አየሁት። ለልጁ ቃል ስለገባ ይሁን ለመብራቶቹ ስለሳሳ አላውቅም።

ሐይቁን ከላይ ሆነን አየነው። ሁለት ክብ ውኃዎች በጠባብ አንገት ተያይዘው ከሥራችን ተኝተዋል። ሰሌዳዬ ላይ አንገቱን ሁልጊዜ አስፍቼ ነበር የምስለው። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ስሕተት ማስተማሬን እያሰብኩ ብቻዬን ሣቅሁ፤ ደስ አለኝ። ታደሰን ከመኪናው ፊት አቁሜ ፎቶ አነሣሁት። ወደ ኋላ ዞሮ የማየት ነገር ለሁለታችንም አልመጣልንም፤ ኋላው አቧራ ለብሷል፤ እሱም «እዚህ ብወለውለው ስንመለስ ያው ነው፤ አምቦ እናሳጥበዋለን» ብሎ ሣሩ ላይ ጋደም አለ።

5፡40፣ ጊንጪ እንደገና

አስፋልቱ ላይ እንደወጣን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ሰላምታ ሰጠን፣ መንጃ ፈቃድና ሊብሬ አየ፣ ወደ ኋላ ዞረ፣ እዚያው ቀረ።

«አባት፣ ታርጋዎ የት አለ?»

ታደሰ ወርዶ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። የላሜራው ቁራጭ አለ። ሁለቱ ቀዳዳዎች አሉ። ታርጋው የለም። ታደሰ የጠፋው ነገር ተመልሶ ይመጣ ይመስል ቀዳዳዎቹን በጣቱ ይነካካል። አንጀቴን በላኝ።

ፖሊሱ ደግ ሰው ነው። የፊቱ ታርጋ ስላለ አምቦ ሄደን እንድናመለክት ነገረንና በእጁ ወደ አንድ ጎሚስታ ቤት ጠቆመን። «መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ» አለን።

የጎሚስታው ግድግዳ ላይ ከጎማዎቹ በላይ አራት ታርጋዎች በሚስማር ተሰቅለዋል። አንዱ ተጣምሟል፣ አንዱ የጎማ ምልክት አለበት። ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ አስረዳን፦ በዚህ መስመር መንገድ ላይ ታርጋ ያገኘ ሰው አይጥለውም፤ እዚህ ያመጣዋል፣ ወይም መኪናው ወደሄደበት ለሚሄድ ሾፌር ይሰጠዋል። ባለቤቱ ከከተማ ከተማ እየጠየቀ ያገኘዋል። የኛ እዚያ የለም።

«ከጀርባው ስልክ ጽፋችሁበት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ይደውሉላችሁ ነበር» አለን።

ታደሰ ጣቶቹን አየ። ነጩ ቀለም አሁንም እዚያው ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩ እስኪዘጋ ጠበቅሁ። «ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል? ስልክህ አጠገብህ ነው።»

«የኔን አይደለም። እኔ ስነዳ ስልክ አላነሣም፣ አንቺ ደግሞ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ቀብረሽው አትሰሚም። ሁልጊዜ የምታነሣዋን ልጅ ስልክ ነው የጻፍኩት።»

የሌንሴን!

7፡30፣ አምቦ

የትራፊክ ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ቃላችንን ተቀብሎ ወረቀት ከጻፈልን በኋላ መኪናውን ሊያይ ወጣ፤ ታደሰን ፍሬን አስያዘው። መብራቶቹ ድርግም ብለው ጠፉ።

«ኦቦ ታደሰ፣ ይሄ ሳይሠራ ከዚህ አይወጡም» አለ።

የአይሱዙው ሾፌር ዓይን ደህና ነበር ማለት ነው። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ ታደሰ ግን «እሺ፣ በይው!» አለኝ።

ሠራተኛው ወደ አንድ ኤሌትሪሻን ላከን፤ ኤሌትሪሻኑም መብራቱን ፈትቶ ሽቦውን ሳብ ሳብ አደረገ።

«ፋዘር፣ ማሳው ብረት አላገኘም።»

ማሳ የሚሉት ኤሌትሪኩ ወደ መኪናው አካል የሚመለስበት ሽቦ ነው። ከፓራውልቱ ጋር ታስሯል፤ ፓራውልቱ ደግሞ ሦስት እጅ ቀለም ለብሷል። የታደሰ ቀለም ያለ ልክ ጥሩ ነበር፤ ኤሌትሪክ አላሳልፍ አለ። ኤሌትሪሻኑ ካቻቢቴውን አንሥቶ ያንን የሚያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ፍቅፍቅ ሲያደርገው ታደሰ ፊቱን አዞረ።

ያን ጊዜ ነው ስልኬ የጮኸው። ሌንሴ ናት።

«እማዬ፣ ደህና ናችሁ? የት ደረሳችሁ?»

«አምቦ። ምሳ ልንበላ ነው።»

«መኪናውስ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሁሉም ነገር በቦታው ነው?»

ታደሰ በሁለት እጁ ይለምነኛል። ተማሪ ሲኮርጅ ይዤ ቢሮ ስንቱን ያንበረከክሁ ሴትዮ፣ «በቦታው ነው» አልኳት። ሌንሴም «እሺ፣ ቀስ ብላችሁ ኑ» ብላ ዘጋች። ታውቃለች? አታውቅም? ከድምጿ ምንም ማውጣት አልቻልኩም።

ጥብስ አዘዝን። የአምቦ ጥብስ እንደዚያ ሆኖ ተርፎ አያውቅም።

9፡50፣ ከጉደር እስከ ጌዶ

ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንይዝ አየሩ ቀዘቀዘ። አገሩ ያምራል፦ የባሕር ዛፍ ጥላ፣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ በርበሬ የተሰጣባቸው ግቢዎች። ታደሰ ግን ንግግር ይለማመዳል።

«‹ሌንሴ፣ ታርጋው ለዕጥበት ተፈትቶ ነው› ብላትስ?»

«ትስቅብሃለች።»

«‹ተሰረቀ› ብላትስ?»

«ከመንገድ ያነሣው ሰው ሌባ ሊባል ነው። ሰውየው ምን አደረገህ?»

«እውነትሽን ነው» አለ ቆይቶ። «ከሸጡብኝ ይሽጡብኝ። ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምሠራ እንጃ።»

እስካሁን በመብራቱ ስቀልድ የነበርኩት ሴትዮ መኪናው እንዲሸጥ ፈጽሞ እንደማልፈልግ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

ጌዶ ላይ ውኃ ልንገዛ ቆምን። የሱቁ መስታወት ከኋላችን ነበር። ታደሰ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሁለቱ ክብ መብራቶች በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ሆነው ደመቁ። ለቀቀ፣ ረገጠ። ባለሱቁም ወጥቶ ማየት ጀመረ። አምስት ጊዜ ያህል ካበራ በኋላ «አየሽ?» አለኝ። «አየሁ፤ ያምራል» አልኩት። ያምራልም።

11፡45፣ ባኮ

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅሁ። በየደጁ የተፈለፈለ በቆሎ ተሰጥቷል፤ የጭነት መኪናዎች መንገዱን ሞልተውታል። የሌንሴ ግቢ በር ክፍት ነው። ማንጎው ሥር ኦቦ ገመቹ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ሌንሴ ከቤት ወጣች። ታደሰ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሳይስማት፣ ሰላም ሳይላት፣ እዚያው ቆሞ ተናገረ።

«ልጄ፣ ታርጋው ወድቋል። በሁለት ብሎን ያሰርኩት እኔ ነኝ። እናትሽ የዋሸችሽም በኔ ልመና ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። ገብታ ተመለሰች። ታርጋውን ይዛለች። አቧራው ታጥቧል፤ ከጀርባው ስልኳ በነጭ ቀለም፣ በታደሰ ትልልቅ ቁጥር ተጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጊንጪ ብዙ ሳንርቅ በቅሎ የሚነዳ አንድ ገበሬ ታርጋው ሲወድቅ አየ። አንሥቶ በእግሩ ሮጠ፣ ተጣራ፣ ሮጠ። በአቧራው ውስጥ ቀዩን መብራት እያየ ሊደርስብን ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ መብራቱ ድንገት ጠፋበት፤ ሄዱ ብሎ ተመለሰ። ለካ ታደሰ ፍሬን መያዙ ነበር! ሰውየው ጊንጪ ገበያ ገብቶ ለሌንሴ ደወለ፤ ታርጋውንም ወደ ባኮ ለሚመጣ የአውቶቡስ ሾፌር ሰጠው። እኛ ጥብስ እያስተረፍን ታርጋችን በጉደር አልፎ ሄዷል።

«ጠዋት ነው የደወለልኝ» አለች ሌንሴ። «መጀመሪያ የጠየቅሁት በምን ፍጥነት ነበር የሚሄዱት ብዬ ነው። ‹እንዴ፣ በእግሬ ልይዛቸው ነበር እኮ!› አለኝ።»

ከዚያ ወደ ማንጎው ዞረች። «ኦቦ ገመቹ፣ በጣም ይቅርታ። ሰው በእግሩ የሚደርስበት ሾፌር መኪናው አይሸጥም።»

ኦቦ ገመቹ ሣቁ። «ረኮ ሂንቀቡ፣ ችግር የለም» አሉ። ተነሥተው መኪናውን ዞሩና ከኋላው ጎንበስ አሉ። «ኦቦ ታደሰ፣ ግን እነዚህን መብራቶች ከየት ነው ያመጣሃቸው?» ታደሰ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው፤ መልሱ እስኪያልቅ እኔ ሻንጣዬን አስገብቼ፣ እግሬን ታጥቤ፣ የቀረበልኝን አንጮቴ ጀምሬያለሁ።

ሌንሴ አራት ብሎን፣ አራት ዳዶና አራት ሮንዴላ ከሱቅ ገዝታ አስቀምጣለች። ጀንበር ሳትጠልቅ ታደሰ ተንበረከከ፤ እሷ ታርጋውን ያዘችለት። ከማሰሩ በፊት ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሮ ከጀርባው ያለውን ስልክ ሊያጠፋ ጀመረ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«እንግዲህ አንቺን አላስጨንቅሽም። የራሴን ልጽፍ ነው።»

ሌንሴ እጁን ያዘችው።

«ተወው አባዬ» አለች። «ሲወድቅ ለኔ ይደወል።»