የስድስት ወር ቄጠማ

አስታራቂ ሰው እፈራለሁ። ጠበኛ ሰው ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል፤ አስታራቂ ግን ሁሉንም ደስ ላሰኝ ብሎ ሲሮጥ ማንን እንደረገጠ ዞሮ አያይም። ይህን የምለው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህዎቹ ውስጥ በዴንቨር ጎረቤት ከተማ በኦሮራ፣ አሜሪካ፣ ስለማውቀው አንድ የከተማ ምክር ቤት አባል ነው። ስለ ራሴም ጭምር ነው።

ነገሩ የቄጠማ ነገር ነው። ከአፓርትመንታችን በመኪና ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ጅረት አለ፤ ዳሩ ረግረግ ነው፤ እዚያ ቄጠማ ይበቅላል። የአገራችን ቄጠማ ራሱ ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ወርደን እናጭድ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለኢድ የሚጎዘጉዙትን ከዚያው ያመጣሉ። ማንም ጠይቆን አያውቅም፤ እኛም ማንንም አስፈቅደን አናውቅም። ሣር አይደል?

አጨዳውን የሚመሩት ጋሼ የምላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል፤ እዚህ ደግሞ ዴንቨር መሀል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ በር ላይ ባለች ጠባብ ዳስ ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ የሚያያቸው የለም። ቀዳም ሥዑር ጠዋት ግን ካህናቱ የሚያድሉን፣ ሁላችንም ግንባራችን ላይ የምናስረው ቄጠማ እሳቸው አጭደው፣ አጥበው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡት ነው። በዚያች ጠዋት ቄሱ ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይቀበሏቸዋል። አሜሪካ ያስቀረችላቸው ክብር ይህችው ነበረች።

አንድ ዓመት ወፍ ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች፣ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እኛን አዩን። ትከሻቸው ቀይ የሆኑ ጥቁር ወፎች ቄጠማው ውስጥ ጎጆ ይሠራሉ፤ በፋሲካ ሰሞን እንቁላል ይጥላሉ። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ አልተሳሳቱም። ጋሼ አንዴ ማጭዳቸው ሥር እንቁላል ያለበት ጎጆ አግኝተው፣ ዙሪያውን ትተው ሲያጭዱ አይቻለሁ። ሌሎቻችን ግን እንደሳቸው አልነበርንም። አቤቱታው ከተማው ዘንድ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ምክር ቤቱ አባል ሄደ።

ደግ ሰው ነበር። ይህንን መካድ አልችልም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ደውሎ አስተርጓሚ እንድሆነው ጠየቀኝ። በወሬ መሀል ከተማው የስደተኞች አማካሪ ኮሚቴ ሊያቋቁም እንደሆነ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው እንደሚያስፈልገው ጣል አደረገ። እኔ ያኔ ኤርፖርቱ አካባቢ የኪራይ መኪና አጣቢ ነበርኩ። ኮሚቴ የሚለውን ቃል ይዤው ተኛሁ።

ስብሰባው በዐቢይ ጾም፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ሆነ። ሰውዬው ቀረበለትና ሽሮውን በእጁ በላ፤ እናቶች ወደዱት፣ ጨመሩለት። ከበላ በኋላ ወረቀቱን አወጣ። ከኦገስት እስከ ጃንዋሪ ፎርም ሞልቶ ቄጠማ መቁረጥ ይቻላል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ ግን ወፎቹ ስለሚፈለፍሉ ማንም አይገባም። «ስድስት ወር ለእናንተ፣ ስድስት ወር ለወፎቹ» አለና ዳቦ እኩል እንደቆረሰ ሰው ፈገግ አለ። ለእኛ ከደረሰን ስድስት ወር አራቱ ደረቅ አገዳና በረዶ ነው። ፋሲካ ደግሞ በየትኛውም ዓመት ከወፎቹ እጅ አይወጣም። ይህን አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወዲያው አሰበ።

«የሚቃወም አለ?» ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ፣ ሁሉም ዝም አለ። ጋሼ ብድግ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እሺ፤ ስለ ድካሙ እግዚአብሔር ይስጥልን በለው» አሉኝ።

አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ይህ እሺ ምን እንደሆነ ያውቃል። ማዕዳችንን የቀመሰን እንግዳ በሰው ፊት እንቢ አይሉትም። ዛሬ እሺ ይባላል፣ እንግዳው በክብር ይሸኛል፤ በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌ ይላካል፣ እውነተኛው ድርድር ያኔ ይጀመራል። እኔ የሁለቱንም አገር ሥርዓት አውቃለሁ። እዚህ እሺ ያለ ሰው ጨረሰ ማለት ነው። ሰውዬውን ጥግ ይዤ «ገና አልተስማሙም፤ የፋሲካውን ነገር ጠይቃቸው» ልለው እችል ነበር። ፊቱ ደስ ብሎት ሳይ፣ ኮሚቴው ትዝ ሲለኝ፣ ያን ደስታ የማበላሽ እኔ መሆን አልፈለግኩም። «ተስማምተዋል፤ ያመሰግናሉ» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ እኔን አስከትለው ቢሮው ሲሄዱ ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶ ነበር። ሰውዬው ፋይሉን ከፍቶ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ አሳየን፤ ተቃውሞ የለም ይላል። ከልቡ አዘነ። «ያን ቀን ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«እንግዳን በማዕድ ፊት እንዴት ተብሎ!» አሉ ጋሼ። እኔ «ለማሰብ ጊዜ ፈልገው ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ለፋሲካ ከአበባ መሸጫ ብትገዙስ ብሎ አማከረን። የዚያ ዓመት ቀዳም ሥዑር በፕላስቲክ የታሠረ፣ ሽታ የሌለው ወፍራም ሣር ተገዝቶ መጣ፤ ጋሼ ከኋላ ቆመው እንደማንኛችንም ተቀበሉ። ቄሱ አልተነሡም፤ ለማን ይነሣሉ?

በዓመቱ፣ ጸሎተ ሐሙስ ጠዋት፣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ሰው በእንግሊዝኛ፣ አንድ አዛውንት ረግረጉ ውስጥ ማጭድ ይዘው እንደተገኙ፣ ከኪሳቸው የእኔን ቁጥር አውጥተው እንደሰጡት ነገረኝ። የፓርኩ ጥበቃ ነው። እየነዳሁ ለምክር ቤቱ አባል ደወልኩ። ምስኪን፣ ደነገጠ። «ሕጉ አልገባቸውም ነበር በለው፤ በማስጠንቀቂያ ይለቃቸዋል፤ ማንም አይጎዳም» አለኝ። አሁንም ማስታረቁ ነበር።

ደርሼ ጠጠሩ ላይ ፓርክ አደረግኩ። ጋሼ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል፤ ነዶው እግራቸው ሥር ተኝቷል። ጥበቃው ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ እሱም ሊለቃቸው እንደሚፈልግ ከፊቱ ይነበባል። «ሕጉን ያውቁ ነበር ወይ ብለህ ጠይቃቸው» አለኝ።

ጠየቅኳቸው። «ምን ብዬ ልንገረው ጋሼ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ በለው። እሺ ስል ነበርክ። አውቄ ነው የገባሁት፣ ቅጣቱንም እቀበላለሁ በለው።»

ወደ ጥበቃው ዞርኩ። «አላወቁም ነበር። ሕጉ አልገባቸውም፤ ሽማግሌ ናቸው» አልኩት በእንግሊዝኛ። የክስ ደብተሩን አጠፈ።

ጋሼ እጃቸውን አነሡ። እንግሊዝኛ መስማት አላቃታቸውም፤ ሲናገሩ «ምን?» እየተባሉ መጠየቁ ነው ያስጠላቸው። ወደ ጥበቃው ቀርበው፣ ቃል በቃል እየለዩ፣ «አይ አንደርስታንድ። አይ ኖው ዘ ሎው» አሉት፤ ገብቶኛል፣ ሕጉን አውቃለሁ ማለታቸው ነው። ልጁ እኔን አየኝ። ደብተሩን ከፈተና ክሱን ጻፈ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ የዳኛ ውሳኔ እንደሚቀበሉ ሁሉ፣ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

መኪናውን ከፈትኩላቸው። አልገቡም። ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ሠላሳ ዓመት አላወቅኩም እያለ የሚያለቅስ ሰው ቃል ስጽፍ ኖሬያለሁ» አሉኝ። «ሌባ ነው ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ እንኳ ሕግ ያውቃል።»