ከግዛው ጫንቃ ያወረድሁት ድንጋይ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ «ሌላ የቀረሽ አለ?» ይሉኛል፤ «የለም፣ አባቴ» እላቸዋለሁ። ውሸቴን ነው። ፊደል የቆጠርሁት ከአባቴ ጉልበት ሥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት የለኝም። የጻፍሁት ቢጣመም ይታለፍልኝ፤ ያደረግሁት ግን አይታለፍልኝ።

ልጄ አለልኝ በሁለት ምርኩዝ የሚሄደው በእኔ ነው። እግሩን የሰበርሁት እኔ ነኝ።

ወረታ ያለ ሰው ሁሉ፣ የአለልኝን እግር የሰበረው አንድ የአዲስ አበባ ኳስ ተጫዋች ነው ይላል። አለልኝም እንደዚያ ነው የሚያውቀው። እኔም ስጠየቅ «አዎ» ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

አለልኝ አዲስ አበባ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይጫወት ነበር። አንደኛ ዲቪዚዮን ይሉታል፤ የአገሩ ትልልቅ ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ የሚጋጠሙበት ነው። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ተጫውተው በአንድ ነጥብ ተበልጠው ሁለተኛ ወጡ። በመጨረሻው ጨዋታ ግዛው የሚባል ተከላካይ ጉልበቱን መታው። እያነከሰ መጣልኝ፤ በሁለት ሳምንት ሻረለት። አሠልጣኙ «ለመስቀል እንድትደርስ፣ የሚመጣው ዓመት ዋንጫ የእኛ ነው» ብሎታል።

ያን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ውሃ ሲለብስ፣ አለልኝ ከቤት ይውል ነበር። ከማበጥረው ጥሬ አሥራ አንድ ፍሬ ቆጥሮ ሰሌኑ ላይ ይደረድርና ዓመቱን ሙሉ የተጫወተውን ያሳየኛል።

«እማ፣ ይችን እያት፤ ይች እኔ ነኝ። በዳር በኩል እመጣለሁ፤ ግዛው እንደ ኮርማ እያጓራ ይመጣል፤ እጥፍ አደርገውና አልፋለሁ!»

«ብትወድቅስ?»

«እነሣለኋ! አንች ደግሞ፣ ኳሱን ጦርነት አደረግሽው እኮ።»

ጨዋታው ሲያልቅ ፍሬዎቹን ለቅሜ ወደ ሰፌዱ እመልሳለሁ። ጥሬው ጓያ ነበር።

ፎገራ ተወልዳ ጓያን የማታውቅ ሴት አለች? ብቻውን ከተበላ እግር እንደሚሰብር፣ ይልቁንም የጎረምሳ እግር እንደሚሰብር፣ ያልሰማሁት መቼ ነው? ይፋግ ገበያ በምርኩዝ የሚሄዱትን ጎረምሶች ምን እንደሰበራቸው ጠፍቶኝ ነበር? ለዚህ ነው ከሽምብራ ወይ ከባቄላ የምንቀላቅለው። ብቻውን የሚበላው የቸገረው ነው። እኔ ቸግሮኝ ነበር? አልቸገረኝም። ጎታዬ ውስጥ ሽምብራ ነበረኝ።

የቸገረኝ ፍርሃት ነው። ባሌ ሞቷል። ታላቁ ልጄ ወታደር ሆኖ ሄዶ ሬሳው እንኳ አልመጣልኝም። ይህም ከሄደ አይመለስም አልሁ። ትንሽ እግሩ ከብዶት መስቀል ቢያልፈው፣ ቡድኑ ሌላ ሰው ይተካል፤ እሱም ሚስት አግብቶ ከጎኔ ይቀመጣል አልሁ። ትንሽ! የሰው እግር በጭልፋ የሚመጠን መስሎኝ ነበር?

ሐምሌ ሲገባ ሁለት ድስት መጣድ ጀመርሁ። በአንዱ የእኔ የሽምብራ ሽሮ፣ በአንዱ የልጄ የጓያ ሽሮ። ቂጣውንም ከጓያው ጋገርሁለት። ፍልሰታ ሲገባማ ከሽሮ ሌላ ምን ይበላል?

«የአዲስ አበባ ሽሮ ውሃ ነው፤ ሽሮስ ያንች!» እያለ ጣቱን ይልሳል። እኔም ጨመርሁለት። በዚህ በምጽፍበት እጄ ጨመርሁለት።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል «እማ፣ ባቴን ይጨመድደኛል» አለኝ። ያን ቀን ማቆም እችል ነበር። ሌላውን ብትረሱት ይችን አትርሱብኝ፤ ያን ቀን ማቆም እችል ነበር። ባቱን ቅቤ አሸሁለት፤ ማታ ያንኑ ሽሮ አቀረብሁለት። መስቀል ገና ነው ብዬ።

ጳጉሜን ላይ ደጁ ጠፈፍ ሲል፣ የጨርቅ ኳስ ሊመታ ተነሣ። የእግሩ ጣት መሬቱን ጫረና ወደቀ። ሣቀ። ተነሥቶ ሞከረ፤ ወደቀ። በሦስተኛው አልሣቀም። ከወደቀበት ቀና ብሎ አየኝና «እማ፣ ግዛው ገደለኝ» አለ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ገብቼ ድስቱን አጠብሁ።

ለመስቀል በአንድ ምርኩዝ ሆነ፤ ለጥምቀት በሁለት። ጣራ ገዳም ድረስ ለጠበል በቃሬዛ ወሰድነው፤ እዚያም ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ። ክረምት በገባ ቁጥር እግሩ ይብስበትና ግዛውን ይረግማል። እኔ ከአጠገቡ ተቀምጬ አሜን እላለሁ። ያልበደለውን ሰው እየረገመ፣ አሜን እላለሁ።

በቀደም ግዛው መጣ። አሁን የጭነት መኪና ይነዳል፤ ወደ ጎንደር ሲያልፍ ወረታ ላይ የአለልኝን ነገር ሰምቶ ነው። ከደጄ ድንጋይ አንሥቶ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ጫንቃው ላይ አድርጎ ተንበረከከ።

«አላወቅኩም ነበር፤ በልጆቼ ይዤሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለ። ያን የሚያህል ሰውዬ ያለቅሳል።

አለልኝ ምርኩዞቹን ተደግፎ ቁልቁል አየው። ኋላ «አንተ ግንድ» አለው። «መያዝ ሲያቅትህ አይደል የመታኸኝ?»

«አዎ፣ አቅቶኝ ነው። አንተን ማን ይዞህ ያውቃል?»

ሁለቱም እያለቀሱ ሣቁ። ከዚያ ልጄ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እግዜርም ይቅር ይበልህ» አለውና ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ ድንጋዩን አንሽለት።»

አነሣሁት። የእኔን ድንጋይ ከንጹሕ ሰው ጫንቃ አውርጄ ደጃፉ ላይ አስቀመጥሁት። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን «ግባ፣ እህል ቅመስ» የሚል ነው።

ነገ ግዛው ከጎንደር ሲመለስ ይገባል፤ ለአለልኝ ቃል ሰጥቶታል። ይህን ወረቀት ለልጄ እሰጠዋለሁ፤ ማንበብ ያውቃል። ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ግዛውም ይስማ። ፈርቼ ሰበርሁት፤ ፈርቼ ደበቅሁት፤ አሁንም የምጽፈው እየፈራሁ ነው።

አለልኝ፣ አንብበህ ስትጨርስ ደጅ ነኝ። ድንጋዩን ተሸክሜዋለሁ። እናት ናት፣ ወድዳ ነው ብሎ ማንም አያማልደኝ። አንተም ልብህ ካልፈቀደ፣ አንሱላት አትበል።