በወይዘሮ ሄድዊግ ፎቅ የሚኖሩት ሴናተር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1974 ተጻፈ። ጻፊው አልፎንስ ዩዜፍ ማይዳ ይባላል፤ የስድስተኛው ቀጠና ነዋሪ ነው።

ጠበቃ ዜኖን ኩልፓ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ናቸው። የሕግ ትምህርታቸውን በማታ ጨርሰው ከፀጉር ቤቱ በላይ ቢሮ ሲከፍቱ፣ የመጀመሪያ ደንበኛቸው ወይዘሮ ሄድዊግ ቱሬክ ነበሩ። ከተማው ለመኪና ማቆሚያ ሲል የባልቴቲቱን ቤት ሊያፈርስ ተነሥቶ ነበር፤ ኩልፓ ተሟግተው አስቀሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ ለእሳቸው ያልወጡት ደረጃ፣ ያላንኳኩት በር የለም። በየዓርቡ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ድንች የሚሞላበትን ሊጥ ሲያድቦለብሉ፣ አጠገባቸው የቆመችውን ሁሉ ማንን እንደምትመርጥ አይጠይቋትም፤ ይነግሯት ነበር እንጂ። ኩልፓም በእነዚህ ሴቶች ድምፅ ለከተማው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ፣ ለግዛቱ ሴኔት አንድ ጊዜ ተመረጡ።

ሴናተር ከሆኑ በኋላ ከምርጫ ክልላቸው ውጭ፣ ሐይቁ ዳር፣ ቤት ሠሩ። ሕጉ ተመራጭ በክልሉ ውስጥ እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ በወረቀት ላይ አድራሻቸውን የወይዘሮ ሄድዊግን ላይኛ ፎቅ አደረጉት። ዘንድሮ ተቀናቃኛቸው ነገሩን ደርሶበት ለምርጫ ቦርድ አመለከተ፤ ቦርዱም የቤቱ ባለቤት ቀርበው በመጽሐፍ ቅዱስ ይማሉ አለ።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኩልፓ ራሳቸው መጥተው ለመሐላው ለመኗቸው። ወይዘሮ ሄድዊግ በምላሹ የጠየቁት አንድ ነገር ነው።

«አንድ ሌሊት ብቻ እደርበት። ከተኛህበት፣ ተኝቷል ብዬ ብምል ኃጢአት የለብኝም።»

«ጠበቃ መሆን የነበረብዎትስ እርስዎ ነዎት፣ እማማ ሄድዊግ። ማክሰኞ እመጣለሁ።»

«ማክሰኞ ብለህ ደግሞ እንዳትቀር። ረቡዕ ጠዋት ነው የምምለው።»

ማክሰኞ አንሶላ ቀየሩ፤ ሥጋ በጎመን ቅጠል ጠቅልለው ቀቀሉ። ረቡዕ ጠዋት አልጋው እንደተነጠፈ ነበር። የመጣው የሴናተሩ ሾፌር ነው፤ አንድ ካፖርትና አንድ የቤት ጫማ ይዟል። ሴናተሩን ስብሰባ እንደያዛቸው ተናግሮ፣ ዕቃው ላይኛው ፎቅ እንዲቀመጥ መታዘዙን አስረዳ።

ወይዘሮ ሄድዊግ ጫማውን ገልብጠው ሶሉን አዩት። «ጫማው እንኳ መሬት ረግጦ አያውቅም» አሉ።

«እኔ የላኩኝን ነው የማደርሰው፣ እማማ። ይልበሱ፤ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

በዚያው መኪና ሄዱ። በእኛ ቀጠና፣ ውለታ ለዋለ ሰው በአደባባይ ጀርባ መስጠት አይታወቅም። በቦርዱ ፊት የተቀናቃኙ ጠበቃ፣ ሴናተሩ በሳምንት ስንት ሌሊት በዚያ ቤት እንደሚያድሩ ጠየቃቸው። እጃቸው መጽሐፉ ላይ እንዳለ ዓይናቸው ኩልፓን ፈለገ። ኩልፓ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ነበር።

«ሁልጊዜ» አሉ ወይዘሮ ሄድዊግ።

ኖቬምበር አምስት ቀን ኩልፓ አሸነፉ። የድል ግብዣው ሐይቁ ዳር ሆነ፤ ከስድስተኛው ቀጠና የተጠራ ሰው የለም። ወይዘሮ ሄድዊግ ከቅዳሴ አልቀሩም፤ ከመሐላው ወዲህ ግን ሰው ለቁርባን ሲነሣ እሳቸው ከመቀመጫቸው አይነሡም። ቄሱ ቢጠይቋቸው ጉልበቴን አሞኝ ነው አሉ።

ይህ ጻፊ የሰው ወሬ አምኖ አይጽፍም። ትናንት ከወይዘሮ ሄድዊግ ቁልፍ ተቀብሎ ላይኛው ፎቅ ወጣና የመታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ የወጣው ውሃ ከዝገት ብዛት ቀይ ነበር፤ እስኪጠራም አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ።